ጉማሬ ልናይ የወረድንበት መስከረም

ባለፈው ሰሞን ጉዳይ ነበረኝና መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ሜዳ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ክፍል ነው። በሩ ተከፍቶ ያ ሽታ ሲቀበለኝ የመጣሁበትን ረሳሁት። ፀሐይ ያጋለው ኮምፔንሳቶ፣ እርጥበት የጠጣ ስፖንጅ፣ በዚያ ላይ ትንሽ የቡታጋዝ ሽታ።

"ምን ፈለግሽ፣ እኅቴ?" አለኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ።

ምን ልበለው? አክስቴን ራቢያን ነበር የፈለግሁት። ቡሬ ላይ፣ በመስከረም፣ ከካራቫኗ በር እግሯን አንጠልጥላ ድንች ስትልጥ።

በዚያ ዘመን ቤታችን ቡሬ ገበያው አጠገብ፣ ከጨርቅ ሱቃችን ጀርባ ነበር። ሱቁን ያቋቋሙት አያቴ አባባ ሰይድ ናቸው። ሲደክማቸው ቁልፉን ለአባቴ ሰጡት እንጂ ከሱቁ በር ላይ ወንበራቸውን አልለቀቁም። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ መነጽራቸውን ካላደረጉ ሰውንና ጣቃን አይለዩም። ቢሆንም በዚያ በር የሚያልፍ ወሬ አያመልጣቸውም ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ልገባ ትምህርት የሚከፈትበትን ቀን እጠብቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሙኒር ደግሞ ገና ሦስተኛ ሊገባ ነው፤ ግን የማያውቀው ነገር የለም።

አክስቴ ራቢያ የአባቴ ታናሽ እኅት ናት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባት። "ከወንድሜ እጅ ጠባቂ አልሆንም" ብላ፣ ወደ ነቀምት የሚወርደውን መንገድ ከሚሠሩት ሰዎች ካምፕ ገብታ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነች። የእኛ ቤት ሰዎች አፈሩባት። እሷ ግን በየበዓሉ ስትመጣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቷ እየሳቀ፣ ለእኔና ለሙኒር ወሬ ይዛልን ነበር የምትመጣ። ዓባይ ዳር ስለሚያዛጉ ጉማሬዎች፣ ዛፍ ላይ ስለሚቀመጡ ጉሬዛዎች።

"ጉማሬ ያለው ግብፅ ነው" ይላታል ሙኒር። "መጽሐፋችን ላይ ተሥሏል።"

"ወንዙ የኛ፣ ጉማሬው የግብፅ?" ይላሉ አባባ ከወንበራቸው ሆነው።

በነሐሴ መጨረሻ የመንገዱ ሥራ አልቆ ካምፑ ተነሣ። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ግብይቱን ትቶ እስኪያይ ድረስ፣ አንድ ቀይ ትራክተር ነጭ ቤት እየጎተተ ከደጃችን ቆመ። ቤቱ ጎማ አለው፤ መስኮት አለው፤ በወገቡ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበታል። አክስቴ ከትራክተሩ ወረደች።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለ አባቴ።

"ካራቫን ነች። መሐንዲሱ ይኖርባት ነበር። እንደ ቁራጭ ብረት ሊጥሏት ሲሉ ገዛኋት። መናኸሪያው አጠገብ አቁሜ ሻይ ቤት አደርጋታለሁ።"

አባቴ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ትራክተሩን የነዳው ሰው ደግሞ ቆቡን አውልቆ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ማንም ግባ ሳይለው ቆሞ ቀረ። ኑሩ ይባላል። የወሎ ሰው ነው። ከመንገድ ሥራው ጋር መጥቶ፣ የእሱ ድርሻ ቀድሞ ሲያልቅ ቡሬ አጠገብ ካለ ሰፊ እርሻ ትራክተር ነጂ ሆኖ ቀርቷል። ለምን ወደ አገሩ እንዳልተመለሰ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ትራክተሩን ወዶት ይመስለኝ ነበር።

ካራቫኗ ከግቢያችን ገባች፤ የእኔና የሙኒር ዓለም ሆነች። ጠረጴዛዋ ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል። አልጋዋ ሲነሣ ሣጥን ይወጣዋል። ቧንቧ አላት፣ ውኃ ግን የለውም። አንዲት ቁም ሣጥን የምታህል ክፍልም ነበረቻት፤ ሙኒር "መሐንዲሱ አጥፊ ሠራተኛ የሚቆልፍባት እስር ቤት ናት" ብሎ ለጎረቤት ልጆች ሲያስጎበኝ ከረመ። ሽንት ቤት መሆኗን አክስቴ ብትነግረንም አላመንናትም፤ እሷ ራሷ ሽንኩርት ነበር የምታስቀምጥባት።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ አባቴና እናቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ለፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ" አለ አባቴ። "መስቀል ሳይደርስ ይወስዳታል።"

"እሷስ?" አለች እናቴ።

"እሷማ ምን ትላለች? ሜዳ ላይ ቆማ ከምትቀር ከደህና ሰው ግቢ ብትገባ አይሻላትም? አባባም እሺ ብለዋል።"

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ካራቫኗ! በነጋታው አክስቴን ሳያት ዓይኖቿ አብጠዋል። እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ሄጄ ወገቧን አቀፍኳት። ለምን እንዳቀፍኳት አልጠየቀችኝም፤ ብቻ ፀጉሬን ስትዳብስ ቆየችና "ሐያትዬ፣ ጉማሬ ማየት ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

ለአባቴ ነገሩን ስታቀርብ "ሻይ ቤት ሳላደርጋት፣ ትምህርትም ሳይከፈት፣ ለልጆቹ ዓባይን ላሳያቸው። ካራቫን ይዘን፣ ውስጧ እያደርን" አለች። አባቴ ጮኸ። ባል የሌላት ሴት፣ በዝናብ፣ ከሾፌር ጋር፣ በጎማ ቤት! አባባ ሰይድ ከወንበራቸው ሆነው ዝም ብለው ሰሙ። የሰሙ አልመሰለንም ነበር።

"እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ" አሉ በመጨረሻ።

"አባባ! ሱቁስ?"

"ሱቁማ ያንተ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ በር የሚያልፈውን ሳይ ኖርኩ። አሁን ደግሞ እኔ ልለፍና ይዩኝ።"

ወንበራቸው ተጫነ። ሩዝ፣ ድንች፣ በሶ፣ ስኳር፣ አጎበር፣ የሰላት ምንጣፍ ተጫነ። አክስቴ መሐንዲሱ ትቶላት የሄደውን፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ኑሩ ከእርሻው ፈቃድ ጠይቆ ትራክተሩን ይዞ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ለጉማሬ ይህን ያህል መልበሱ ገርሞኝ ነበር።

ትራክተር ካራቫን ሲጎትት በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድመዋል። የመስከረም ፀሐይ ወጥታለች፤ ማሳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ በነፋስ ይተኛና ይነሣል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ደግሞ ካፊያ፣ ወዲያው ደግሞ ቀስተ ደመና። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው በመስኮት ለሚያልፈው ሁሉ እጃቸውን ያነሣሉ።

ከከተማው ራቅ ብለን፣ ምሳ ልንበላ አንድ ዋርካ ሥር ቆምን። ዳቦውን ሳንቆርስ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ መጣችና ከካራቫኗ በር ትይዩ ቆመች። ከኋላዋ ሌላ ሴት መጣች። ከዚያ ሁለት ልጆቹን በእጁ የያዘ አባት። ዞር ብለን ስናይ ሰልፉ እስከ ማሳው ደርሷል፤ ከሰልፉ ጫፍ አንድ ገበሬ ፍየል ይዞ ቆሟል።

አባባ ነጭ ቆባቸውንና መነጽራቸውን አድርገው ብቅ ሲሉ "ዶክተሩ ወጡ!" ተባለ።

"እሚከትቡ እርስዎ ነዎት?" አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

"እኔማ በልጅነቴ ተከትቤያለሁ" አሉ አባባ።

አክስቴ ሳቋን እየዋጠች ነገሩን አስረዳች። ክትባት አይዶለም፤ ሐኪምም አይዶለንም። ባለፍየሉ ወደፊት መጣ። "ለሰው ካልሆነ ለከብት ይሆን?" አለ። እሱም አይደለም ተባለ።

"ታዲያ በዚህ ዝናብ ለምን ወጣችሁ?"

"ጉማሬ ልናይ" አለ ሙኒር።

ሰልፉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽማግሌው አባባን በሐዘኔታ አዩዋቸው። "ጉማሬ ምን በደላችሁ?" አሉ።

አባባ እስከ ፈጣም ወንዝ ድረስ ብቻቸውን ሲስቁ ሄዱ።

ፈጣም አጠገብ ከዛፎቹ ዳር ቆመን ሰፈርን። ወንዙ ሞልቶ ቡና ሲመስል፣ ድምፁ ከመሬቱ ሥር የሚመጣ ይመስላል። አክስቴ እኔንና ሙኒርን ይዛ ወፍ ልታሳየን ወረደች፤ ኑሩ ጎማውን ድንጋይ ያስደግፋል፤ አባባ በካራቫኗ ውስጥ ሸለብ አድርጓቸዋል። በመነጽሩ በየተራ እያየን፣ እርኩም የተባለው ትልቅ ጥቁር ወፍ በማሳው ውስጥ እንደ መሬት ለኪ ረገጥ ረገጥ እያለ ሲሄድ ተደነቅን። በዚህ መካከል የአባባ ድምፅ ተሰማ።

"ሙኒር! ከጠረጴዛው ውረድ ብዬሃለሁ! ስኳሩን ተው! ይኸ ልጅ አይሰማም?"

ሙኒር ከእኔ አጠገብ ነው። ተያየን። ሮጠን ስንደርስ፣ አባባ ያለ መነጽራቸው አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ጣታቸውን ያወዛውዛሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ጦጣ የስኳሩን ቆርቆሮ ታቅፎ፣ አፉን ሞልቶ፣ በትኩረት ያዳምጣቸዋል። እኛን ሲያይ ቆርቆሮውን እንደያዘ በመስኮት ወጣ።

"ምን ነካው?" አሉ አባባ። "በመስኮት ይወጣል እንዴ?"

ኑሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ከትራክተሩ ጎማ ተደግፎ እንባውን ይጠርግ ነበር። አክስቴ አይታው እሷም ፈነዳች። ሁለቱም ሳቃቸውን ጨርሰው እንደገና ሲተያዩ እንደገና ይስቃሉ። ነገሩ ይህን ያህል ያስቃል እንዴ ብዬ አስቤያለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኑሩ ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ የሞተሩን ጨርቅ ሲያጥብ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አክስቴ ከካራቫኗ በር ላይ ድንች ትልጣለች። ኑሩ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ወሬ ላምጣለት ብዬ፣ "ጋሼ ኑሩ፣ የፍኖተ ሰላሙ ሰው ሊወስዳት እንደሆነ ያውቃሉ?" አልኩት።

እጁ ቆመ። "ማንን?"

"እሷን ነዋ" አልኩ፣ በአገጬ ወደ ካራቫኗ እየጠቆምኩ።

"መቼ?"

"መስቀል ሳይደርስ። አባዬ ቃል ሰጥቷል።"

ጨርቁ ከእጁ አመለጠ። ወንዙ ይዞት ሲሄድ አየው እንጂ ሊይዘው አልተነሣም።

"እሷስ ምን አለች?"

ሳቄ መጣ። "እሷማ ምን ትላለች? አፍ አላት እንዴ?"

"አፍማ አላት" አለ በቀስታ። ወደ ካራቫኗ በር ቃኘና "ሰውዬውስ አይቷታል?" አለ።

"አላያትም መሰለኝ። ቢያያትማ ጣሪያዋ እንደሚያፈስ፣ አንዱ ጎማዋም እንደተበላ ያውቅ ነበር።"

ኑሩ ቀና ብሎ አየኝ። አሁንም አየኝ። "ካራቫኗን ነው እምትዪው?"

"ታዲያ ማንን?"

በመጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሁለመናው ሳቀ። በሁለት እጁ ውኃ አፍሶ ረጨብኝና "አብሽሪ! ካራቫን ይውሰድ! ጎማ እለውጥለታለሁ!" ብሎ ተነሣ። ወሬዬ ይህን ያህል ደስ የሚያሰኝ መሆኑ ገረመኝ። ያን ዕለት እስኪጨልም ትራክተሩን ከላይ እስከ ታች እያጠበ ሲያንጎራጉር ቆየ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሬዛዎቹን አሳየን። ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ፊት፣ በትከሻቸው ላይ የወረደ ነጭ ጸጉር። ልክ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች።

"ምን ሆነው ነው የተቀመጡ?" አልኩት።

"ለሽምግልና ነዋ። ልጅ ሊጠይቁ።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ በዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ ሐያት። ሽማግሌ ልላክ ብል የምልከው የለኝም። እነዚህን ብልክ አባባ ይቀበሏቸው ይሆን?" አለኝ።

"ስኳር እንዳይወስዱባቸው ይፈራሉ" አልኩት።

ከፈጣም ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ አየሩ በየመታጠፊያው ይለዋወጥ ነበር። ላይ ብርድ፣ ታች ሙቀት፤ አንዱ ተራራ ላይ ፀሐይ፣ አንዱ ላይ ጥቁር ዝናብ። ቁልቁለቱ ሲጠና ኑሩ እኛን አውርዶ በእግር አስኬደን፤ አክስቴ ከኋላ ግንድ ተሸክማ ትከተላለች፤ ኑሩ "አሁን!" ሲል ከጎማው ሥር ትወረውራለች። "ወይዘሮ ራቢያ፣ እርስዎ ይተዉት፣ እኔ ወርጄ..." ይላል። "እርስዎ መሪዎን ይያዙ!" ትለዋለች። እንዲህ እያሉ፣ ሸለቆው መሀል ካለው ደልዳላ፣ ካምፑ ከነበረበት ቦታ ደረስን። ከበታቻችን ዓባይ ይታጠፋል።

ታጥፎም ነበር መሰለኝ እንጂ አላየነውም። ሸለቆው በጭጋግ ተሞልቷል። ያን ቀን ጠበቅን፤ በማግሥቱም ጠበቅን። ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ጭጋግ። ከርከሮ ከነግልገሎቿ ጅራቷን አቁማ አለፈች፤ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ሆነው ሰደቡን። ጉማሬ ግን የለም።

"ግብፅ ነው ብያለሁ" አለ ሙኒር።

አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችው። ፊቷን አዙራ ወደ ጭጋጉ መመልከት ጀመረች። ቀረብ ብዬ ሳያት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። በካራቫኗ ምክንያት ነው ብዬ "አይዞሽ፣ እትዬ፣ ሰውዬው ጎማዋን ሲያይ ይተዋት ይሆናል" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ንፋስ ተነሣ። ከዚያ በረዶው መጣ። ጣሪያው ላይ የጠጠር መኪና የተገለበጠ ነበር የሚመስለው። እኛ ውስጥ ነን። ኑሩ ግን እንደ ወትሮው ከትራክተሩ ሥር ተጠግቷል፤ አክስቴ ካለችበት ክፍል ገብቶ አያውቅም።

"ያ ልጅ ሊሞት ነው!" አሉ አባባ። "ጥሩት!"

እኔ በር ከፍቼ ጮህኩ። ኑሩ በረዶውን በክንዱ እየተከላከለ ገባና ከበሩ ሥር እንደ ጅግራ ተኮማትሮ ተቀመጠ። ውኃው ከሸሚዙ ይወርዳል። አክስቴ ፎጣ ሰጠችው። ሻይ ቀዳችለትና ስኳሩን ደጋግማ ጨመረችበት፤ ከጦጣው ተርፋ በወረቀት የተጠቀለለችው እሷው ብቻ ነበረች።

ኑሩ ሻዩን አልጠጣውም። ወደ አባባ ዞረና አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን?" አሉ አባባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ከፍ አድርጎ ተናገረ። በረዶው ዋጠው።

"ማን ታመመ?"

"አልታመመም! አባባ፣ ሽማግሌ የለኝም፣ ድፍረት አይሁንብኝ፣ እኔ ራሴ..."

"ማንን ነው እምትለው? አይሰማኝም እኮ!"

ኑሩ ደረቱን ነፍቶ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ጮኸ። ልክ በዚያች ቅጽበት በረዶው ቆመ። ጭርር አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ድምፁ ብቻውን ቀረ።

"ራቢያን ነው ማለቴ! ላገባት እፈልጋለሁ!"

ከገደሉ ማዶ እንኳ የመለሰለት ይመስለኛል። አክስቴ የሻዩን ጀበና እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሙኒር አፉን ከፈተ። ኑሩ ራሱ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ደነገጠ።

አባባ ጢማቸውን አሻሹ። "ልጄ" አሉ፣ "ደህና ሰው ነህ። ግን ዘገየህ። ለፍኖተ ሰላም ሰው ቃል ተሰጥቶባታል።"

"እሱማ ካራቫኗን..." ብሎ ጀመረና አቆመ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ያኔ ገባኝ። ይወስዳታል፤ ሜዳ ላይ ቆማ ከምትቀር፤ እሷማ ምን ትላለች። ጆሮዬ ጋለ። ከጠረጴዛው ሥር ብገባ ደስታዬ ነበር።

"ባውቅ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር" አለ ኑሩ። "ቃል ያለባትን ሴት አልጠይቅም፤ ወላሂ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።" ሊወጣ ብድግ አለ።

"ይቀመጡ" አለች አክስቴ።

ጀበናውን አስቀመጠች። ወደ አባቷ ዞረች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን አባባን አንዲትም ቃል አላመለጠቻቸውም።

"አባባ፣ ወንድሜ ቃል ሰጠ። እርስዎ እሺ አሉ። የፍኖተ ሰላሙ ሰው ተቀበለ። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ? ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን እንደሚፈልግ የተናገረ፣ ያውም ፊት ለፊቴ፣ ይኸ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሳያስበው ነው።"

አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። መሬቱ በበረዶ ነጥቷል፤ ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ በረዶው ሁሉ ያንጸባርቃል። ጭጋጉ የት እንደ ሄደ አይታወቅም። ከበታቻችን ዓባይ፣ ቀይና ሰፊ፣ በሙሉ ታጥፎ ይታያል።

"እዚያ!" አለች አክስቴ።

ከመታጠፊያው ውኃው ቀስ በሚልበት፣ ጥቁር ድንጋዮች ነበሩ። ከዚያ አንዱ ድንጋይ አፉን ከፈተ። ሙኒር ጮኸ። መነጽሩን ነጥቄ አየሁ። ሮዝ አፍ፣ ጣት የሚያህሉ ጆሮዎች፣ ውኃ እያስነጠሰ የሚወጣ ትልቅ አፍንጫ፤ ከጎኗ ደግሞ ግልገሏ፣ እናቱ ጀርባ ላይ አገጩን አስደግፎ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። ሙኒር ደግሞ "ከግብፅ መጥተው ነው" አለ እንጂ አልተሸነፈም።

አባባ መነጽሩን ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ብዙ አዩ። ሲያወርዱት ዓይናቸው ረጥቧል።

"የሩቁንማ ይኸ ያሳያል" አሉ። "የቤቱን የሚያሳይ አልተሠራም?" ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። "ልጄ፣ ትፈልጊዋለሽ?"

አክስቴ ወንዙን እያየች "ቡሬ ደርሰን፣ እርስዎ ነገሩን ካቃኑ በኋላ እመልሳለሁ" አለች።

የመልሱ ጉዞ ረጅም ነበር። ኮረኮንቹ ላይ ካራቫኗ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች፤ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው እየተሳሳቁ አወጡን። ኑሩ መንገዱን ሁሉ ቃል አልተነፈሰም። እኔም መናገር ፈርቼ፣ ከትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡሬ ስትታይ፣ "ሐያት፣ እንኳንም ተሳሳትሽ" አለኝ።

በደረስን በማግሥቱ አባባ በጠዋት አውቶቡስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄዱ። አባቴ ቀኑን ሙሉ እየተብሰለሰለ ዋለ። ቃል እንደ ሸማ ይጠቀለላል ወይ፣ ከገበያ ሰው ምን ብዬ ፊቴን አሳያለሁ ይላል። ከሰዓት ዝናብ ጀመረ። ኑሩ ትራክተሩን ከደጃችን አቁሞ ካራቫኗን የሚያይ ይመስል ጎማዋን ዙሪያውን ይዞራል። ትናንት ያየውን ጎማ።

አባባ ሲመሽ ደረሱ። እግራቸውን ሳይታጠቡ ከወንበራቸው ተቀመጡ።

"ምን አሉ?" አለ አባቴ።

"'ሴቲቱን ጠይቃችኋታል?' አለኝ። 'አልጠየቅናትም' አልኩት። 'አንተስ ጠይቀሃታል?' አልኩት። 'ልጆቼ ናቸው አግባ ያሉኝ፣ እኔም አልጠየቅኋትም' አለኝ። ቃሉ ቀረ ተባባልን፤ ሁለታችንም ሽማግሎች አፍረን ሻይ ጠጣን። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስንጠጣ፣ ደስ ያለው እሱ ነው ወይስ እኔ፣ መለየት አልቻልኩም።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። የአባቴ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። "ታዲያ" አለ በመጨረሻ፣ "ለዚያ ለደጁ ሰው ማን ይነግረዋል?"

"እኔ ዛሬ ብዙ ተናግሬያለሁ" አሉ አባባ።

አክስቴ ከማዕዘኑ ተነሣች። በሩን ከፈተች። ዝናቡ ወደ ውስጥ ረጨ። አንድ ቀን እንኳ "እርስዎ" ሳትለው ቀርታ የማታውቀውን ሰው፣ መንደሩ እየሰማ ጠራችው።

"አንተ ኑሩ! ምን ዝናብ ላይ ይገትርሃል? ና ግባ እንጂ!"

አባቴ የያዘው ብርጭቆ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ።

"ሰማህ?" አሉት አባባ። "እኔ ደንቆሮው እንኳ ሰማሁ።"

ኑሩ እጁን በሱሪው ጠረገ። ሌላውንም ጠረገ። ከዚያ ኩሬውን ሊዘል ሞክሮ መሀሉ ላይ አረፈና እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ፣ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኖ ገባ። ሞተሩን ማጥፋት ረስቶት ነበር። ትራክተሩ ደጅ ላይ ብቻውን ሲያጓራ አመሸ፤ ከቤታችን ግን ማንም ወጥቶ ሊያጠፋው አልፈለገም።